የአባ ገሪማ ወንጌል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች በዓድዋ አቅራቢያ ስለሚገኘው ጥንታዊ የብራና ወንጌል አንባብያን ዘወትር የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ይመለከታሉ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአባ ገሪማ ወንጌል ምንድን ነው?

በትግራይ፣ ከዓድዋ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በተራሮች መካከል በሚገኘው በእንዳ አባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁ፣ በግእዝ ቋንቋ በብራና ላይ የተጻፉና በኅብረ ቀለም ሥዕል ያጌጡ የአራቱ ወንጌላት መጻሕፍት የአባ ገሪማ ወንጌል ተብለው ይጠራሉ። ስሙ በነጠላ ቢነገርም መጽሐፉ አንድ አይደለም። በጥንታዊነታቸው የታወቁት ሁለት ጥራዞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ጋር ተጠርዞ የቆየ ከእነርሱ በኋላ የተጻፈ ሌላ የወንጌል ቅጂም አለ። ተመራማሪዎች ጥራዞቹን የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ በአንዱ ጽሑፍ «ገሪማ ሁለት» የተባለው በሌላው «ገሪማ ሦስት» ተብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ የተለያዩ ጽሑፎችን የሚያነጻጽር ሰው ከቁጥሩ ይልቅ የጥራዙን ይዘት ቢመለከት ይሻለዋል። እዚህ ላይ የወንጌላውያኑን ሥዕል የያዘውን ሁለተኛው ጥራዝ፣ ሌላውን ደግሞ የመጀመሪያው ጥራዝ እንላለን። የመጀመሪያው 348፣ ሁለተኛው 322 ገጾች ተርፈውለታል።

ዕድሜው ስንት ነው? እንዴትስ ታወቀ?

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ አብዛኞቹ የውጭ ሊቃውንት መጻሕፍቱ በ11ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ወይም ከዚያ በኋላ እንደ ተጻፉ ይገምቱ ነበር። ግምታቸው በፊደሉ ቅርጽ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ነገር ግን ከአክሱም ዘመን የተረፈ ሌላ የግእዝ ብራና በእጃቸው ስላልነበረ የሚያነጻጽሩበት መሠረት እጅግ ጠባብ ነበር። የገዳሙ አባቶች ግን መጽሐፉ በራሳቸው በአባ ገሪማ ዘመን፣ ማለትም በ5ኛው ክፍለ ዘመን ፍጻሜና በ6ኛው መጀመሪያ ገደማ እንደ ተጻፈ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፉ ኖረዋል።

ክርክሩን የለወጠው የካርቦን 14 ምርመራ ነው። ፈረንሳዊው የኢትዮጵያ ሥነ ሥዕል ተመራማሪ ዣክ ሜርሲዬ ከመጻሕፍቱ የረገፉ ጥቃቅን የብራና ቁርጥራጮችን ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ወስደው አስመረመሩ። በስፋት በሚጠቀሰው ውጤት መሠረት የሁለተኛው ጥራዝ ብራና ከ390 እስከ 570 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የመጀመሪያው ደግሞ ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። የካርቦን ምርመራ የሚለካው ቆዳው የተወሰደበት እንስሳ የሞተበትን ጊዜ ነው፤ ቀለሙ ብራናው ላይ ያረፈበትን ቀን በቀጥታ አይናገርም። ይሁን እንጂ ብራና ብዙ ድካምና ብዙ የእንስሳት ቆዳ የሚጠይቅ ውድ ነገር ስለ ሆነ፣ ለአንድ ሙሉ ወንጌል የሚበቃ ብራና ተፍቆና ተዘጋጅቶ ሳይጻፍበት ለመቶ ዓመታት ይቀመጣል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው። የሥዕሎቹ ስልትም ከዚያው ዘመን የሜዲትራኒያን ዓለም ሥዕሎች ጋር ስለሚስማማ ሁለቱ ማስረጃዎች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። የገዳሙ ትውፊት ለረጅም ጊዜ እንደ ተራ አፈ ታሪክ ሲታይ ኖሮ በቤተ ሙከራ መደገፉ፣ በእኔ እምነት፣ የአገራችንን የቃል ትውፊት ለሚያጠና ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው።

አባ ገሪማ ማን ናቸው?

አባ ገሪማ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘጠኙ ቅዱሳን ተብለው ከሚከበሩት መነኮሳት፣ ማለትም ከአባ ጰንጠሌዎን፣ ከአቡነ አረጋዊ፣ ከአባ ሊቃኖስ፣ ከአባ አፍጼ፣ ከአባ ጽሕማ፣ ከአባ ጉባ፣ ከአባ አሌፍና ከአባ ይምዓታ ጋር የሚቆጠሩ አባት ናቸው። ገድላቸው እንደሚለው የቀድሞ ስማቸው ይስሐቅ ሲሆን፣ የሮም ንጉሥ ልጅ ሆነው ዙፋን ወርሰው ሳለ ክብሩን ትተው ወደ አክሱም መጥተዋል። በጠዋት የዘሩትን ስንዴ በዚያው ዕለት ማጨዳቸው፣ ወንጌሉንም በአንድ ቀን ጽፈው እስኪጨርሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ መቆየቷ ከተአምራታቸው መካከል ይነገራል። ይህ የእምነት ትረካ ነው፤ እንደ ታሪክ ሰነድ ሊመዘንም፣ ሊናቅም አይገባውም። መጽሐፉ በገዳሙ ዘንድ እንዲህ ባለ አክብሮት ሊጠበቅ የቻለው የቅዱሱ የእጅ ሥራ ነው ተብሎ ስለሚታመን መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

በሥዕሎቹ ላይ ምን ይታያል?

የመጀመሪያው ጥራዝ የሚከፈተው በተሸለሙ ቅስቶች ሥር በተሣሉ፣ አራቱን ወንጌላት በቁጥር በሚያመሳክሩ ሠንጠረዦች ነው። ሁለተኛው ጥራዝ ከዚህ የበለጠ ሀብታም ነው፤ ሙሉ ገጽ የሸፈኑ 17 የሥዕልና የጌጥ ገጾች አሉት። ከእነዚህ መካከል የአራቱ ወንጌላውያን ሥዕሎች ይገኙበታል፤ እያንዳንዱ ሥዕል ከየራሱ ወንጌል ፊት እንዲቀመጥ የታሰበ ነው። የቂሳርያው ኤጲስ ቆጶስ የአውሳብዮስ ሥዕልም ለብቻው አለ። የመጻሕፍት ሥዕል ሲነሣ ዘወትር የሚታወሱት ሐዋርያትና ነገሥታት ናቸውና፣ የሠንጠረዦቹን አዘጋጅ በዚህ ክብር የሣለ እጅ መጽሐፉን ጠንቅቆ የሚያውቅ እጅ መሆን አለበት።

ማቴዎስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አቅንተው ቆመዋል፤ ዓይኖቻቸው ትላልቅ፣ ልብሳቸው በሰፋፊ እጥፋቶች የወረደ ነው። ማርቆስ ግን ከእነርሱ ተለይቶ ወደ ጎን ዞሮ በተጌጠ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፍት ወንበሩን የእስክንድርያ መንበረ ጵጵስና ምልክት አድርገው ይመለከቱታል፤ ማርቆስ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን መሥራች ነውና። የአክሱም ቤተ ክርስቲያንም በ4ኛው ክፍለ ዘመን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ከተቀበሉበት ጊዜ አንሥቶ የእስክንድርያ መንበር ልጅ ነበረች። ሥዕሉን በዚህ ዓይን ሲያዩት የአንዲት ወጣት ቤተ ክርስቲያን የማንነት ምስክርነት ሆኖ ይገኛል።

ቅስቶቹ ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። ዓምዶቹ እንደ እብነ በረድ በቀለም ተዥጎርጉረዋል፤ ከዓምዶቹ በላይ ያሉት ቅስቶች በጥልፍልፍና በቅጠል ጌጥ ተሞልተዋል፤ በቅስቶቹ ትከሻ ላይ ደግሞ የተለያዩ ወፎች ቆመዋል። ከዚህ ሌላ ዓምዶችና ጣሪያ ያሉት ክብ ድንኳን መሰል ሕንፃ ተሥሏል። ይህ ሕንፃ በኋለኞቹ የኢትዮጵያ ወንጌሎች፣ በተለይም በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን በተዘጋጁት ውስጥ፣ ሠንጠረዦቹን የሚዘጋ ሥዕል ሆኖ ደጋግሞ ይመጣል። የአክሱም ዘመን ሠዓሊ የጀመረውን ንድፍ ከ800 ዓመታት በኋላ የነበሩ ሠዓልያን በእጃቸው ይዘውት መገኘታቸው፣ በመካከሉ የነበሩት መጻሕፍት ቢጠፉም ሙያው እንዳልተቋረጠ ያሳያል።

ብዙ ያነጋገረው ሥዕል የአይሁድን ቤተ መቅደስ የሚያሳየው ነው። በፊቱ የተሣለው ደረጃ ቅርጹ በሌላ የክርስቲያን ሥዕል ውስጥ አቻ አልተገኘለትም።

ሠንጠረዦቹ ለምን ያገለግላሉ?

አውሳብዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አራቱን ወንጌላት ቃላቸውን ሳይነካ ለማመሳከር የሚያስችል ዘዴ አዘጋጅቷል። እያንዳንዱን ወንጌል በቁጥር ወደ ተለዩ አጫጭር ክፍሎች ከፈለ፤ ለምሳሌ የማቴዎስ ወንጌል 355 ክፍሎች አሉት። ከዚያም ቁጥሮቹን በ10 ሠንጠረዦች አከፋፈላቸው። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ አራቱም ወንጌላውያን የሚተርኩት ይገኛል፤ ጌታ አምስት ሺህ ሰዎችን የመገበበት ታሪክ ከዚህ ይመደባል። ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ ወይም ሁለቱ ብቻ የሚጋሩትን ይይዛሉ፤ በማቴዎስና በሉቃስ ብቻ የምትገኘው «አቡነ ዘበሰማያት» በአምስተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ናት። አሥረኛው ደግሞ አንዱ ወንጌላዊ ብቻ የጻፈውን፣ እንደ ቃና ዘገሊላ ሠርግ ያለውን፣ ለብቻው ይዘረዝራል። አንባቢው በጽሑፉ ጠርዝ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ወደ ሠንጠረዡ ይመለሳል፤ በሌሎቹ ወንጌላት ተመሳሳዩ ታሪክ የቱ ጋ እንዳለም ወዲያው ያገኛል።

ይህን ዘዴ ያየ ሰው ሥዕሉ ለምን በቁጥር ገጾች ላይ እንደ በዛ ይረዳል። በእነዚህ ገጾች ላይ የተዘረዘረው የአራቱ ምስክሮች ስምምነት ነው፤ ሠዓሊው ደግሞ ያንን ስምምነት በዓምድና በቅስት አቁሞ እንደ ቤተ መቅደስ መግቢያ አደረገው።

ሥዕሎቹን የሠሩት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው?

ለረጅም ጊዜ ብዙዎች እንዲህ ያምኑ ነበር፤ አንዳንዶች ሶርያን፣ ሌሎች ግብፅን ወይም ኢየሩሳሌምን ይጠቅሱ ነበር። ሥዕሎቹ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ክርስቲያናዊ ጥበብ ጋር የጠበቀ ዝምድና እንዳላቸው አያከራክርም። ነገር ግን ዝምድና ማለት ከውጭ መጣ ማለት አይደለም። መጽሐፉ በግእዝ የተጻፈ ነው፤ የሠንጠረዦቹ ቁጥሮችና ጽሑፎችም የግእዝ ናቸው። በዚያ ዘመን አክሱም በአዱሊስ ወደብ በኩል ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን ጋር የምትነግድ፣ በግሪክና በግእዝ የተጻፈባቸው የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች የምታወጣ መንግሥት ነበረች፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመንም ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ወደ ደቡብ ዓረቢያ ዘምቷል። እንዲህ ባለ መንግሥት ውስጥ ብራና የሚያዘጋጅ፣ የሚጽፍና የሚሥል የመጻሕፍት ሙያ መኖሩ ሊያስገርም አይገባም፤ ዛሬ የብዙዎቹ ተመራማሪዎች ሚዛንም መጻሕፍቱ የተዘጋጁት በዚሁ በአክሱም መንግሥት ውስጥ ነው ወደሚለው ያዘነብላል። እኔም አክሱማውያን ሐውልቱን ሲያቆሙና ሳንቲሙን ሲቀርጹ የታመነላቸውን ችሎታ ብሩሽ ሲይዙ የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

ጽሑፉ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ምን ፋይዳ አለው?

ወንጌላት ወደ ግእዝ የተተረጎሙት ከግሪክ ነው። በኋለኞቹ ዘመናት የተጻፉት አብዛኞቹ የግእዝ ወንጌሎች ግን በየጊዜው ታርመዋል፤ በተለይ ከዓረብኛ ቅጂዎች ጋር እየተመሳከሩ ተስተካክለዋል። የአባ ገሪማ ጥራዞች ከዚህ እርማት በፊት የነበረውን ጥንታዊ ትርጉም ስለያዙ፣ ሆላንዳዊው ሊቅ ሮኹስ ዙርሞንድ የማርቆስንና የማቴዎስን ወንጌል የግእዝ ንባብ ሲያዘጋጁ ዋና ምስክር አድርገው ተጠቅመውባቸዋል። በሌላ በኩል ሁለቱ ጥራዞች በሁሉም ቦታ ቃል በቃል አንድ አይደሉም። ልዩነታቸው፣ እነርሱ ሲጻፉ ትርጉሙ አዲስ እንዳልነበረና እየተገለበጠ፣ እየታረመም የተወሰነ ዕድሜ እንዳስቆጠረ ያመለክታል።

ብራናው እንዴት ይዘጋጅ ነበር? ሽፋኑስ?

በኢትዮጵያ የብራና ሙያ በዋናነት የሚያገለግለው የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ፀጉሩ እስኪለቅ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፣ ይደርቃል። ከዚያ በወስፌ እየተወጋ ይሰመራል። ጸሐፊው በመቃ ብርዕ ይጽፋል፤ ጥቁሩ ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት ይዘጋጃል፣ ቀዩ ደግሞ ለርእስና ለከበሩ ስሞች ይውላል። ለአንድ ባለ ብዙ ገጽ ወንጌል የሚያስፈልገው ቆዳ በርካታ ስለሆነ መጽሐፉ የአንድ መነኩሴ ትጋት ብቻ ሳይሆን ሀብት ያለው ደጋፊም ይጠይቅ ነበር።

የመጀመሪያው ጥራዝ ፊት ለፊት በእንጨት ገበታ ላይ በተለበጠ፣ ወርቅ በተቀባ መዳብ ተሸፍኗል፤ በላዩ መስቀል ተቀርጾበታል፣ የዕንቁ ማስገቢያ ጉድጓዶቹም ዛሬ ባዶ ሆነው ይታያሉ። ይህ ሽፋን ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ዘመን የተሠራ ከሆነ፣ ከመጽሐፉ ሳይለይ ከኖረ ሽፋን ሁሉ በዓለም ቀዳሚው ይሆናል። የሁለተኛው ጥራዝ የብር ሽፋን ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደ ተሠራ ይገመታል።

በጠርዞቹና በባዶ ገጾቹ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ገዳማት ወንጌል የመዝገብም ቤት ነው። የመሬት ስጦታ፣ የንዋያተ ቅድሳት ዝርዝርና የመሳሰለው ጉዳይ በወንጌሉ ባዶ ቦታዎች ላይ ይጻፋል፤ በወንጌል ላይ የሰፈረን ቃል ማፍረስ በወንጌሉ ፊት የተማለን መሐላ ማፍረስ ነውና። በአባ ገሪማ ጥራዞችም እንዲህ ያሉ በልዩ ልዩ ዘመን የተጨመሩ ማስታወሻዎች አሉ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም አጥንተዋቸዋል። ስለ ሥዕሎቹ ብዙ የተባለውን ያህል ስለ እነዚህ ማስታወሻዎች አለመባሉ ያሳዝነኛል፤ የገዳሙ የኑሮ ታሪክ ያለው እዚያ ነው።

ከሌሎች የታወቁ ጥንታውያን ወንጌሎች ጋር ሲነጻጸር የት ላይ ይቆማል?

በሥዕል ያጌጡ ጥንታውያን ወንጌሎች ሲነሡ በአውሮፓ በብዛት የሚጠቀሱት በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በሰሜን እንግሊዝ የተዘጋጀው የሊንዲስፋርን ወንጌልና በ800 ገደማ የተሠራው፣ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚገኘው የኬልስ መጽሐፍ ናቸው። ሁለቱም እጅግ የተራቀቁ ሥራዎች ናቸው፤ ይሁንና የአባ ገሪማ ጥራዞች ከሁለቱም ይቀድማሉ። በዘመን የሚቀራረባቸው በ586 የተጻፈውና በፍሎረንስ የሚገኘው የሶርያው የራቡላ ወንጌል፣ እንዲሁም በጣሊያን ሮሳኖ የሚገኘው በሐምራዊ ብራና ላይ የተጻፈ የ6ኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ ወንጌል ናቸው። የራቡላ ወንጌል ሠንጠረዦች በተለይ ከገሪማዎቹ ጋር ጎን ለጎን መታየት አለባቸው፤ ቅስቶቹ፣ ወፎቹና የዓምዶቹ ጌጥ የአንድ ሰፊ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸው ወዲያው ይታወቃል።

እስከ ዛሬ እንዴት ሊተርፍ ቻለ?

ከአክሱም ዘመን የተረፉ በሥዕል ያጌጡ ሌሎች የግእዝ መጻሕፍት የሉንም፤ በእጃችን ካሉት የግእዝ ብራናዎች እጅግ የሚበዙት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተጻፉ ናቸው። በመካከሉ ያለውን ክፍተት ጦርነት፣ ቃጠሎ፣ እርጥበትና ምስጥ ፈጥረውታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ወቅት የጠፉት መጻሕፍት ቁጥር ሥፍር የላቸውም። የአባ ገሪማ ቤተ ክርስቲያንም በ1930ዎቹ በእሳት ወድሟል፤ ወንጌሎቹ ግን ከዚያ ተርፈዋል። ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደው ጦርነት ደግሞ በትግራይ ያሉትን ገዳማትና ቅርሶች ሁሉ እንደገና ለከባድ አደጋ አጋልጧል።

እንግሊዛዊቷ ሠዓሊ ቢያትሪስ ፕሌይን በ1950 አካባቢ ገዳሙን በጎበኙ ጊዜ ሴት ወደ ውስጥ ስለማትገባ መነኮሳቱ መጻሕፍቱን ወደ ውጭ አውጥተው አሳይተዋቸዋል። የውጭው ዓለም ስለ ሥዕሎቹ መስማት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ መነኮሳቱ ግን ለዘመናት ሲጠብቁት የኖሩትን ነገር ዋጋ ማንም እንዲነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

ጥገና ተደርጎለታል?

አዎን። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በተደረገ አንድ ጥረዛ ቅጠሎቹ ከቦታቸው ተዛንፈው፣ የአንዱም ጥራዝ ገጾች ከሌላው ጋር ተቀላቅለው ነበር፤ አጥብቆ የተሰፋው ጥራዝ በተገለጠ ቁጥርም ብራናውን ይጎዳው ነበር። መቀመጫውን በብሪታንያ ያደረገው የኢትዮጵያ ቅርስ ፈንድ ከ2006 ጀምሮ ባስተባበረው ሥራ ባለሙያዎች መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ገዳሙ ሄዱ፤ መጻሕፍቱ ከገዳሙ እንዲወጡ አልተፈቀደምና። ስፌቱ ተፈትቶ ብዙዎቹ ቅጠሎች ወደ ትክክለኛ ቦታቸው ተመለሱ፤ የተቀደዱትም ተጠገኑ። ቅርስ በቤቱ፣ ጠባቂዎቹ እያዩ ሊጠገን እንደሚችል በተግባር የታየበት ሥራ በመሆኑ ለሌሎች ገዳማትም ምሳሌ ሊሆን ይገባዋል።

መጽሐፉን ማየት ይቻላል?

ገዳሙ ጸሎት የማይቋረጥበት ቦታ ነው፤ መጽሐፉም እንደ ሙዚየም ዕቃ ዘወትር ለሕዝብ ተዘርግቶ አይቀመጥም። ለማየት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የአካባቢውን ቤተ ክህነት ፈቃድ መጠየቅና በገዳሙ አባቶች ውሳኔ መገዛት ይኖርበታል። ሴቶች ወደ ገዳሙ ውስጥ አይገቡም። የተፈቀደለት ሰው ብራናውን በእጁ ባይነካ፣ በካሜራ ብልጭታ ባይጠቀም፣ ገጾቹንም መነኩሴው ብቻ እንዲገልጡ ቢተው ለመጽሐፉ ትልቅ ውለታ ይውላል። ለአብዛኛው አንባቢ ግን ተመራማሪዎች ያሳተሟቸው ባለ ቀለም ፎቶግራፎች ይበልጥ ይጠቅማሉ፤ የጥልፍልፉን ጌጥና የወፎቹን ላባ ያለ ችኮላ ማየት የሚቻለው በእነርሱ ነው።